ለአዲስ ቱርቦ መኪና የሚሆን የሞተር ዘይት፦ ከጋሎኑ ፊት ይልቅ ጀርባውን ማንበብ

አዲስ ቱርቦ መኪና የገዛ ሰው የመጀመሪያው ሰርቪስ ሲቃረብ የሚያነሣው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ «የትኛው ዘይት ይሻላል?» የሚል ነው። ጥያቄው በዚህ መልክ ሲቀርብ መልስ የለውም፤ በአንድ ሞተር ላይ እጅግ ጥሩ የሆነ ዘይት በሌላው ላይ የጭስ ማጣሪያ ይደፍናልና። ከዚህ በታች የምገመግማቸው ዘይቶች በሙሉ በየራሳቸው ጥሩ ናቸው። የሚለያዩት በተሠሩለት ሞተር ነው፤ ይህም የሚታወቀው ከጋሎኑ ፊት ከሚታየው ስምና ማስታወቂያ ሳይሆን ከጀርባው በትንንሽ ፊደል ከታተሙት የመስፈርትና የአምራች ማረጋገጫ ቁጥሮች ነው። ግምገማዬም በእነዚያ ቁጥሮች ላይ የቆመ ነው።

ቱርቦ ሞተር ከዘይቱ የሚጠብቀው ከተራው ሞተር የበዛ ነው። ከሲሊንደሮቹ የሚወጣው የተቃጠለ ጋዝ ተርባይኑን ያሽከረክራል፤ ተርባይኑ ደግሞ በአንድ ቀጭን ዘንግ የተያያዘውን መጭመቂያ እያዞረ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ ይልካል። በትንንሽ የቤንዚን ሞተሮች ላይ ይህ ዘንግ በደቂቃ ከ200,000 ጊዜ በላይ ሊዞር ይችላል። በአብዛኞቹ ቱርቦዎች ዘንጉ የሚዞረው በኳስ ኩሽኔታ ላይ ሳይሆን በግፊት በሚገባ ስስ የዘይት ሽፋን ላይ ተንሳፎ በመሆኑ፣ ብረት ከብረት እንዳይነካካ የሚከለክለው ይኸው ሽፋን ብቻ ነው። ከዚያ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ራቅ ብሎ ደግሞ ሙቀቱ ከ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊደርስ የሚችል ጋዝ ያልፋል። ስለዚህ ዘይቱ ያለሰልሳል፣ ሙቀትም ተሸክሞ ያወጣል፤ ከሁለቱ አንዱን ካጓደለ ቱርቦው ብዙ አይቆይም።

ከረጅም ዳገት ወይም ከፈጣን ጉዞ በኋላ ሞተሩ ወዲያውኑ ሲጠፋ የዘይቱ ዝውውር ይቆማል፤ በተርባይኑ ቤት ውስጥ የታመቀው ሙቀት ግን አብሮ አይጠፋም። ወደ ዘንጉ መሀል ይመለስና በዚያ የቀረውን ጥቂት ዘይት ያበስለዋል። ሙቀት የማይችል ዘይት በዚህ ጊዜ ወደ ጠጣር ካርቦን ይለወጣል፤ ካርቦኑም እየተነባበረ ዘይት የሚገባበትንና የሚወጣበትን መንገድ ያጠባል። የዘመኑ ቱርቦዎች መሀል ክፍላቸው በውሃ የሚቀዘቅዝ በመሆኑ፣ በብዙዎቹም ላይ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ውሃውን ማዘዋወር የሚቀጥል የኤሌክትሪክ ፓምፕ ስላለ፣ ችግሩ እንደ ቀድሞው የሚያስፈራ አይደለም። ያም ሆኖ የጉዞውን የመጨረሻ ጥቂት ደቂቃዎች ረጋ ብሎ መንዳት ምንም የማያስወጣ ጥንቃቄ ነው። ከዘይቱ በኩል ደግሞ መታየት ያለበት የትነቱ መጠን ነው። ኖአክ በሚባለው ሙከራ ዘይቱ በ250 ዲግሪ ለ1 ሰዓት ሞቆ ከክብደቱ ምን ያህል በትነት እንደሚያጣ ይለካል፤ ኢልሳክ የተባለው መስፈርት እስከ 15 በመቶ ሲፈቅድ፣ አሴያ የተባለው የአውሮፓ መስፈርት በኤ3/ቢ4 እና በሲ3 ምድቦች ከ13 በመቶ እንዲያልፍ አይፈቅድም። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ትንሽ ቢመስልም፣ በሙቀት ተንኖ የሚወጣው የዘይቱ ቀላል ክፍል ስለሆነ የሚቀረው እየወፈረ ይሄዳል፤ ሞተሩም በሁለት ሰርቪስ መካከል ዘይት ጨምሩልኝ ማለት ይጀምራል።

ከሙቀቱም ይልቅ የዘይት ምርጫን የለወጠው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ነዳጁን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር የሚረጩ የቤንዚን ቱርቦዎች በዝቅተኛ ዙር ከፍተኛ ጉልበት ይሰጣሉ፤ ብዙ ሰው የሚወድላቸውም ይህንኑ ነው። አሽከርካሪው በ1,500 እና በ2,500 ዙር መካከል እያለ ማርሽ ሳይቀንስ ነዳጁን በኃይል ሲረግጥ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት እጅግ ይጨምራል፤ በዚህ ጊዜ ካንዴላው እሳት ከመስጠቱ አስቀድሞ የነዳጅና የአየሩ ድብልቅ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ይህ ያለጊዜው የሚነሣ እሳት በምኅጻረ ቃል ኤልኤስፒአይ ይባላል። በነዳጅ ጥራት ማነስ ከሚሰማው የተለመደ ኳኳታ የሚለየው በኃይሉ ነው፤ ከበድ ያለ አንድ ክስተት ብቻውን ፒስተን ሊሰነጥቅ ወይም የፒስተን ቀለበት የሚቀመጥበትን ጠርዝ ሊሰብር ይችላል።

ዘይት በዚህ ውስጥ የሚገባው እንዲህ ነው። በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያለው ስስ ዘይት ከተረጨው ነዳጅ ጋር ይቀላቀልና በፒስተኑ አናት ዙሪያ ባለው ቀጭን ክፍተት ይጠራቀማል፤ ከዚያ ጠብታ ጠብታ እየሆነ ወደ ማቃጠያው ክፍል ይፈናጠራል። ጠብታው ለመቀጣጠል ያለው ቅርበት በዘይቱ ቅመሞች ላይ የተመሠረተ ነው። ለረጅም ዘመን ሞተርን በንጽሕና ሲያቆዩ የኖሩት ካልሲየም ያለባቸው ማጽጃ ቅመሞች እሳቱን ይበልጥ እንደሚያነሣሡ ተረጋግጧል፤ ማግኒዚየም ያለባቸው ያን ያህል አያነሣሡም፤ ሞሊብዴነም ያለባቸውና ዚንክ ያለባቸው የመከላከያ ቅመሞች ደግሞ ይቀንሱታል። ስለዚህ ዘይት አምራቾች የካልሲየሙን መጠን ቀንሰው ከፊሉን በማግኒዚየም ተኩ። ገዢው ይህን በዓይኑ ሊያየው አይችልም፤ የድሮውም የአዲሱም ዘይት ቀለሙና ሽታው ያው ነው። ሊያይ የሚችለው በጋሎኑ ጀርባ የተጻፈውን ደረጃ ነው።

የአሜሪካው የነዳጅ ተቋም ኤፒአይ ይህን ችግር የሚመለከተውን የመጀመሪያ ደረጃ፣ ኤስኤን ፕላስን፣ እ.ኤ.አ. በ2018 አወጣ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020 ደግሞ ኤስፒ እና አቻው ኢልሳክ ጂኤፍ-6 ተከተሉ። ኤስፒ ዘይቱ በፎርድ ባለ 2.0 ሊትር ቱርቦ ሞተር ላይ ያለጊዜው የሚነሣውን እሳት ምን ያህል እንደሚገታ ከመፈተኑም በላይ፣ የታይሚንግ ሰንሰለት መበላትን የሚለካ ሙከራም ጨምሯል፤ በቀጥታ የሚረጩ ሞተሮች ጥቀርሻ ስለሚያበዙና ጥቀርሻው ሰንሰለቱን ስለሚሞርድ ይህ ጭማሪ ለቱርቦ ባለቤት ትልቅ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ከማርች 31 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ ኤስኪው እና ጂኤፍ-7 ሥራ ላይ ውለዋል፤ በእነዚህ ዘይቱ የሚፈተነው አዲስ ሳለ ብቻ ሳይሆን ካረጀ በኋላም ጭምር ነው። እኔ ይህን የመጨረሻውን ከሁሉም በላይ እደግፈዋለሁ፤ መኪናችን አብዛኛውን ዕድሜዋን የምትጓዘው ባገለገለ ዘይት እንጂ ትናንት በተቀዳ አይደለምና። በአውሮፓው አሴያ በኩል ተመሳሳይ ሙከራዎች የገቡት እ.ኤ.አ. በ2021 በተጨመሩት ኤ7/ቢ7 እና ሲ6 ምድቦች ነው። በጥቅሉ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ የኤፒአይ ደረጃ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ለአዲስ የቤንዚን ቱርቦ ከኤስፒ በታች የሆነ ዘይት፣ ስሙ የቱንም ያህል የተከበረ ቢሆን፣ አልመክርም። ኤስኤን ብቻ ተብሎ የተጻፈበት ጋሎን ለቆየ ቱርቦ አልባ ሞተር ይሁን።

አሁን ወደ ጋሎኖቹ እንምጣ። ሞቢል 1 በሚለው ስም የሚሸጡ ሁለት ዘይቶችን ጎን ለጎን የመረጥኩት በምክንያት ነው፤ ስማቸው፣ አምራቻቸውና የጋሎናቸው ቅርጽ አንድ ሆኖ ሳለ፣ አንዱ በሌላው ቦታ ሊገባ አይችልም።

የመጀመሪያው ሞቢል 1 0ደብሊው-40 ነው። ጀርባውን ሲያነቡት የአሴያ ኤ3/ቢ4፣ የሜርሰዲስ ቤንዝ 229.5፣ የፖርሼ ኤ40 እና የቮልስዋገን 502 00 ቁጥሮች ይገኛሉ። እነዚህ ቁጥሮች ሲገጣጠሙ የሚነግሩን ታሪክ ግልጽ ነው። 0ደብሊው ማለት ዘይቱ የብርድ ሙከራውን የሚያልፈው ከዜሮ በታች በ35 ዲግሪ ነው ማለት ነው፤ በጠዋት ሞተሩ ሲነሣ ፈጥኖ ወደ ቱርቦው ይደርሳል። 40 ማለት ደግሞ በ100 ዲግሪ ሙቀት ውፍረቱ ከ12.5 እስከ 16.3 ሴንቲስቶክ መካከል ነው። ከሁሉ በላይ የማየው ግን በ150 ዲግሪ እና በከፍተኛ ግጭት የሚለካውን፣ ኤችቲኤችኤስ የሚባለውን ውፍረት ነው፤ በቱርቦው ዘንግ ዙሪያና በክራንኩ ብሮንዚና (ክራንኩ በሚዞርበት ስስ ማቀፊያ) ውስጥ ያለውን እውነተኛ ሁኔታ የሚመስለው ይህ ልኬት ነውና። ኤ3/ቢ4 ቢያንስ 3.5 ሚሊፓስካል ሰከንድ ይጠይቃል፤ ይህም ጠንካራ ሽፋን ነው። ጉልበት የሚበዛበት፣ ሙቀት የሚጸናበት፣ የጭስ ማጣሪያ የሌለው የቤንዚን ቱርቦ ላለው ሰው፣ መመሪያ መጽሐፉ ከእነዚህ ቁጥሮች አንዱን የሚጠቅስ እስከሆነ ድረስ፣ ይህ ዘይት ያለ ማመንታት የምመርጠው ነው።

ጉድለቱ የሚመጣው ከአመዱ ነው። ዘይት ሲቃጠል ከብረት ነክ ቅመሞቹ የማይቃጠል አመድ ይቀራል፤ ኤ3/ቢ4 ይህ አመድ እስከ 1.6 በመቶ እንዲደርስ ይፈቅዳል። አዳዲስ የአውሮፓ የቤንዚን ቱርቦዎች ብዙዎቹ በማርሚታው መሥመር ላይ ጥቃቅን ጥቀርሻ የሚይዝ ማጣሪያ አላቸው፤ የናፍጣዎቹማ ከቆየ ጀምሮ ነው። ማጣሪያው የያዘውን ጥቀርሻ ራሱ ያቃጥለዋል፤ አመዱን ግን ማቃጠል አይችልም፤ አመዱ እዚያው እየተከማቸ ይኖራል። ስለዚህ ይህን ግሩም ዘይት ማጣሪያ ባለው መኪና ላይ ማድረግ ጉዳቱ በአንድ ሰርቪስ የማይታይ፣ ከዓመታት በኋላ ግን ማጣሪያ የሚያስለውጥ ስሕተት ነው።

ለእነዚያ መኪናዎች የተሠራው ሁለተኛው ጋሎን፣ ሞቢል 1 ኢኤስፒ 5ደብሊው-30 ነው። ጀርባው ላይ አሴያ ሲ3፣ ቮልስዋገን 504 00 እና 507 00፣ ሜርሰዲስ ቤንዝ 229.51 እና 229.52፣ ፖርሼ ሲ30 የሚሉት ይነበባሉ። ሲ3 አመዱን ከ0.8 በመቶ በላይ አይፈቅድም፤ ኤችቲኤችኤሱን ግን ከ3.5 በታች እንዲወርድ አልተወውም። ይህ ነጥብ በብዙ ሰው ዘንድ ያልታወቀ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። 5ደብሊው-30 ተብሎ የተጻፈበት ዘይት ሁሉ አንድ አይደለም። የኢልሳክ መስፈርትን የሚያሟላው 5ደብሊው-30 ነዳጅ እንዲቆጥብ ተብሎ ቀጠን የሚደረግ ሲሆን፣ ኤችቲኤችኤሱ ከ2.9 ጀምሮ ተቀባይነት አለው፤ የሲ3ው 5ደብሊው-30 ግን በዚህ ልኬት ከ40ዎቹ ተርታ ይሰለፋል። የጋሎኑ ፊት ሁለቱንም በአንድ ቁጥር ይጠራቸዋል። 504 00 የሚጠይቅ ሞተር ያለው ሰው «5ደብሊው-30 ስጠኝ» ብሎ ብቻ ቢገዛ፣ ሻጩም በቅንነት የኢልሳኩን ቢሰጠው፣ መኪናው ከሚፈልገው የቀጠነና አመዱም ገደብ ያልተጠበቀለት ዘይት ይዞ ይሄዳል። ሁለቱም ሰዎች የዋሹት ነገር የለም፤ ጀርባውን ግን አላነበቡም።

ኢኤስፒን ስገመግም የማስቀምጠው ማስጠንቀቂያ አንድ ነው። አመዱ ያነሰ ዘይት አሲድን የሚያረክሱት ቅመሞቹ ክምችትም አነስ ይላል፤ ሰልፈር የበዛበት ነዳጅ ደግሞ ሲቃጠል አሲድ ያበዛል። ቢኤምደብሊው ሎንግላይፍ-04 የተባለውን ዝቅተኛ አመድ ዘይቱን በቤንዚን ሞተሮቹ ላይ በአውሮፓ ብቻ ፈቅዶ የቆየውም በነዳጁ ሰልፈር ምክንያት ነው። ነዳጁ ሰልፈር የሚበዛበት ሆኖ መኪናው ማጣሪያ ካለው፣ መፍትሔው ወደ ከፍተኛ አመድ ዘይት መሸሽ ሳይሆን ያንኑ ትክክለኛ ዘይት ቶሎ ቶሎ መቀየር ነው።

ሦስተኛው ምድብ 0ደብሊው-20 ነው፤ ክርክር የሚበዛውም በዚህ ላይ ነው። የዚህ ውፍረት ዝቅተኛው ኤችቲኤችኤስ 2.6 ነው። በመካኒኮች ዘንድ «ይህ ውሃ ነው፣ ቱርቦ አይችልም» የሚለው አስተያየት በስፋት ይሰማል፤ አስተያየቱ ከልምድ የመጣ በመሆኑ አላቃልለውም። ግን ለ0ደብሊው-20 የታቀደ ሞተር ከብሮንዚናው ክፍተት ጀምሮ እስከ ዘይት ፓምፑና ፒስተኑን ከሥር እየረጨ እስከሚያቀዘቅዘው ቀዳዳ ድረስ ለዚያ ቅጥነት የተሰላ ነው። የቫልቭ መክፈቻ ጊዜን በዘይት ግፊት የሚቆጣጠሩት ክፍሎችም እንዲሁ ናቸው፤ ወፍራም ዘይት ሲገባባቸው በተለይ በብርድ ጊዜ ምላሻቸው ይዘገያል። ስለዚህ አቋሜ ይህ ነው፦ መመሪያ መጽሐፉ 0ደብሊው-20 ብቻ የሚል ከሆነ እሱኑ ያድርጉ፤ ደረጃው ግን ኤስፒ ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። መጽሐፉ አማራጭ የሚሰጥ ከሆነ፣ ማለትም ለከባድ ጭነት፣ ለተጎታች ወይም ለረጅም ፈጣን ጉዞ 5ደብሊው-30ን የሚፈቅድ ከሆነ፣ እንዲህ ባለ ሥራ ላይ የምትውል መኪና ያላቸው ሰዎች ወፈር ያለውን ቢመርጡ ልክ ናቸው። ከመጽሐፉ ወጥቶ በወሬ ብቻ ወደ 10ደብሊው-40 መዝለልን ግን አልደግፍም።

በዚሁ ምድብ ውስጥ የቮልስዋገን 508 00 ልዩ ስፍራ አለው። ይህን ማረጋገጫ የያዘ ዘይት ሆን ተብሎ አረንጓዴ ቀለም የተጨመረበት ነው፤ ሲቀዳ ከሌላው እንዲለይ። ዘይቱ ወደ ኋላ የማይሠራ መሆኑን አጥብቄ እናገራለሁ፤ 502 00 ወይም 504 00 ለሚጠይቁ ቀደም ያሉ ሞተሮች እንዲያገለግል አልተፈቀደም። አዲስና ውድ ስለሆነ ለአሮጌውም ይበልጥ ይጠቅመዋል ብሎ ማሰብ እዚህ ላይ ጉዳት ያመጣል።

ከሞቢል ውጭ ላለ አማራጭ ሼል ሄሊክስ አልትራ 5ደብሊው-40ን አነሣለሁ። የመሠረት ዘይቱ የሚሠራው ከድፍድፍ ነዳጅ ሳይሆን ከተፈጥሮ ጋዝ ነው፤ ጋዙን ወደ ፈሳሽ የሚለውጠው ፐርል የተባለው ፋብሪካም በኳታር፣ በራስ ላፋን ይገኛል። ጀርባው ላይ ኤ3/ቢ4፣ ሜርሰዲስ 229.5፣ ፖርሼ ኤ40 እና ቢኤምደብሊው ሎንግላይፍ-01 ስላሉት ከመጀመሪያው ሞቢል ጋር በአንድ ምድብ ይወዳደራል። በብርድ ሞቢሉ 0ደብሊው በመሆኑ ይበልጠዋል፤ ብርድ በማይጸናበት ቦታ ግን ልዩነቱን የሚያይ ሰው የሚኖር አይመስለኝም። ሁለቱንም «የትኛው ይበልጣል» ብሎ ከማወዳደር ይልቅ በእጅ ባለው መጽሐፍ ላይ ያለውን ቁጥር የያዘውንና በቀላሉ የሚገኘውን መውሰድ የተሻለ ነው።

«ሙሉ ሲንተቲክ» የሚለው ጽሑፍስ? መሠረት ዘይቶች ከ1 እስከ 5 በቡድን ይመደባሉ፤ በሃይድሮጅን በጥልቀት የተጣራው ቡድን 3፣ በኬሚካል የተገነባው ፒኤኦ ቡድን 4፣ ኤስተሮች ደግሞ በቡድን 5 ውስጥ ናቸው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ ቡድን 3ም በዚሁ ስም እንዲሸጥ መንገዱ ተከፍቷል። ለቱርቦ መኪና ሲንተቲክ ያልሆነ ዘይት አልመርጥም፤ ነገር ግን ጽሑፉ ብቻውን ዘይቱ ኤልኤስፒአይን ይገታ እንደሆነ፣ አመዱ ስንት እንደሆነ፣ ሽፋኑ ምን ያህል እንደሚጸና አይናገርም። ከሁሉም በኋላ መታየት ያለበት ነገር ነው።

በጋሎኑ ጀርባ ላይ ከቁጥሮቹ እኩል የሚያስፈልገው ከቁጥሮቹ በፊት ያለው ዓረፍተ ነገር ነው። ሞቢል በሚያወጣቸው የምርት መረጃ ሰነዶች ላይ ይህን በሦስት ለይቶ ማስቀመጡን አደንቃለሁ። አንደኛው የመኪና አምራቹ ዘይቱን ፈትኖ በጽሑፍ ያጸደቀበት ዝርዝር ነው፤ ሁለተኛው ዘይቱ የአንድን መስፈርት መለኪያዎች ያሟላል ወይም ይበልጣል የሚል ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ዘይት አምራቹ ራሱ ለእንዲህ ያለ ሞተር እመክረዋለሁ የሚልበት ነው። ሦስቱ በደረጃ እጅግ ይራራቃሉ። «ያሟላል» እና «ይመከራል» የዘይት አምራቹ ቃል ናቸው፤ መኪና አምራቹ አላያቸውም። በዋስትና ላይ ላለ አዲስ መኪና የመጀመሪያውን ብቻ መቀበል ይገባል። ጥርጣሬ ያደረበት ሰው ማጣራትም ይችላል፤ ሜርሰዲስ ቤንዝ ያጸደቃቸውን ዘይቶች በስማቸው ዘርዝሮ በድረ ገጹ ያወጣል፣ ኤፒአይም ፈቃድ የሰጣቸውን ምርቶች መፈለጊያ አለው። ከአንዱ ገበያ ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ዓመት ወደ ሌላው በአንድ ስም የሚሸጥ ዘይት ማረጋገጫዎቹ ሊለወጡ ስለሚችሉ፣ እኔ ከላይ የጻፍኳቸውንም ቁጥሮች በእጅ ከያዙት ጋሎን ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል።

በቅርብ ዓመታት ከወጡ ትንንሽ ቱርቦ ሞተሮች አንዳንዶቹ የታይሚንግ ቺንጊያቸው በዘይት ውስጥ ገብቶ የሚሠራ መሆኑም መታወቅ አለበት። በእነዚህ ላይ የዘይቱ ቅመም ከጎማው ጋር የማይስማማ ከሆነ፣ ወይም ነዳጅ የተቀላቀለበት አሮጌ ዘይት ለረጅም ጊዜ ከቆየ፣ ቺንጊያው ያብጣል፣ ይፈረፈራል፤ ፍርፋሪውም የዘይት ፓምፑን ወንፊት ይደፍናል። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ ዘይት የሚያጣው ብዙ ጊዜ ቱርቦው ነው። ስለ ዘይት ያሉት ሌሎች አስተያየቶቼ በሙሉ ድርድር ሊገባባቸው ይችላል፤ ቺንጊያው ዘይት ውስጥ ባለ ሞተር ላይ ግን አምራቹ ከጠቀሰው ማረጋገጫ ውጭ ምንም ዓይነት ዘይት፣ ከላይ የሚጨመር ምንም ዓይነት ብልቃጥ መግባት የለበትም።

ስለ ብልቃጦቹ ካነሣን፣ በአዲስ ቱርቦ ላይ ተጨማሪ ቅመም አላስፈላጊ ነው። የካልሲየሙ፣ የማግኒዚየሙና የሞሊብዴነሙ ሚዛን የተፈተነው ዘይቱ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው፤ ሌላ ሲጨመርበት የተፈተነው ዘይት መሆኑ ያበቃል።

የመቀየሪያው ጊዜ ከምርጫው አይለይም። አንዳንድ የአውሮፓ አምራቾች በረጅም ዕድሜ ዘይት እስከ 30,000 ኪሎ ሜትር ወይም 2 ዓመት ይፈቅዳሉ። ቶዮታ በበኩሉ በአገሩ በጃፓን ለተራ የቤንዚን ሞተሮቹ 15,000 ኪሎ ሜትር ሲሰጥ ለቱርቦዎቹ የሚሰጠው 5,000 ኪሎ ሜትር ወይም 6 ወር ነው። ሁለቱ ቁጥሮች የተራራቁት ለተለያየ ሞተር፣ ለተለያየ ዘይትና ለተለያየ አነዳድ ስለተሰሉ ነው። የመመሪያ መጽሐፎች «ከባድ አጠቃቀም» ብለው የሚገልጹትን ገጽ ማንበብ ያሻል፤ አጫጭር ጉዞ፣ መጨናነቅ፣ አቧራ፣ ተጎታች፣ ከፍተኛ ሙቀት በዚያ ይዘረዘራሉ። በከተማ የሚኖር አብዛኛው ሰው ራሱን በዚያ ገጽ ላይ ያገኛል። ለእነዚህ ሰዎች የረጅሙን ጊዜ ግማሽ እመርጣለሁ። ከዘይቱ ጋር ፊልትሮውም ሁልጊዜ መቀየር አለበት፤ ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ከፊልትሮው ተመልሶ እንዳይፈስ የሚይዘው ክዳን ደካማ ከሆነ፣ በማግስቱ ጠዋት ቱርቦው ዘይት እስኪደርሰው ድረስ ደርቆ ይዞራል።

በቀጥታ የሚረጭ ቱርቦ ሞተር ላይ ዘይት ሲለካ ሰዎች የሚጠብቁት መቀነሱን ነው፤ መጨመሩም ግን ምልክት ነው። ሞተሩ ሳይሞቅ የሚጠፋባቸው አጫጭር ጉዞዎች ሲደጋገሙ ያልተቃጠለ ቤንዚን በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። መኪናው በሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ መጽሐፉ የሚለውን ያህል ደቂቃ ጠብቀው መለኪያውን አውጥተው በነጭ ጨርቅ ይጥረጉት፤ መልሰው ከተው ሲያወጡት ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፎ ቢገኝ፣ ጨርቁን ወደ አፍንጫዎ ያስጠጉት። ቤንዚን ቤንዚን የሚል ከሆነና በጣት መካከል ሲታሽ የቀድሞው ልዝብነት ከሌለው፣ በወረቀት ላይ 5ደብሊው-30 የነበረው ዘይት ውፍረቱ ወርዷል ማለት ነው። ቀስ ያለ ረጅም ጉዞ ከፊሉን ቤንዚን ሊያተነው ይችላል፤ ደረጃው ከላይኛው ምልክት በላይ ሆኖ ከቀጠለ ግን የኪሎ ሜትሩን ቁጥር ሳይጠብቁ መቀየር ነው። መለኪያ ዘንግ የሌላቸውና ደረጃውን በስክሪን ብቻ የሚያሳዩ መኪናዎች ባለቤቶች ይህን ማሽተት ስለማይችሉ፣ አጫጭር ጉዞ የሚያበዙ ከሆነ የመቀየሪያ ጊዜያቸውን ከሌላው ይበልጥ ማሳጠር አለባቸው።